የአያ ጅቦ ዋሻና የቤተ መጻሕፍቱ ጣራ

አንድ ጊዜ የቁልቋል ገደል እንስሳት ቤተ መጻሕፍት ጣራው አፈሰሰ። ክረምቱ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አንበሳ ሸንጎ ጠርቶ፣ «እስከ ዛሬ የቤት ግብራችን ለአንድ በር አንድ ሸክም ሰንበሌጥ ነበር፤ ዘንድሮ ሁለት ይሁን። ጭማሪው ለቤተ መጻሕፍቱ ክዳን ይውላል» አለ። እንስሳቱ እያጉረመረሙም ቢሆን ተስማሙ።

አያ ጅቦ ግን ከሸንጎው እንደወጣ የበሮቹን ብዛት አሰበ። ዋሻው አራት በር አለው። አራት ጊዜ ሁለት ስንት እንደሆነ ባያውቅም ብዙ መሆኑ ገብቶታል።

«እኔ ማንበብ አልችል! መጽሐፍ አጥንት የለው፣ መቅኔ የለው፤ ምን ይሠራልኛል?» ሲል ለጎረቤቱ ለእመት ቀበሮ አማረረ።

«ታዲያ ይሄ ምን ያስጨንቃል አያ ጅቦ?» አለች ቀበሮ ጅራቷን እያበጠረች። «ዋሻው የእኔ አይደለም በላ! ቤት የሌለው ምን ግብር አለበት?»

ጅቦ ምክሯን ወደደው። በማግስቱ ግብር ሰብሳቢዋ አህያ መጣችና ከደጁ ሦስት ዝላይ ርቃ ቆመች።

«አያ ጅቦ፣ የአራት በር ግብር።»

«የማን በር? እኔ እዚህ የተጠለልኩ እንግዳ ነኝ።»

«በሸንጎ ፊት ትለዋለህ?»

«አሥር ጊዜ እላለሁ!»

እንዳለውም በሸንጎ ፊት ካደ። ሳምንት ሳይሞላ፣ ከአደን ሲመለስ ቀበሮን ከነልጆቿ ዋሻው ውስጥ አገኛት።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«ቤቴ ነኛ! ዋሻው የአያቴ ነበር። ስምንት ሸክሜንም ከፍያለሁ። የእኔ አይደለም ያልከው አንተው ነህ።»

ክረምቱ ገባ። ጅቦ በዝናብ ከደጅ ደጅ ቢዞር ቁርበት የሚያነጥፍለት ጠፋ። ሲብስበት አንበሳ ፊት ተንበረከከ።

«ዋሽቻለሁ ጌታዬ። ግብር ሽሽት ነው። ዋሻው የአያቴ ነው።»

«እሷም የአያቴ ነው ትላለች» አለ አንበሳ። «ለቅሶውን ተወውና ማስረጃ አምጣ።»

ጅቦ ማስረጃ አልነበረውም። ይህን ጊዜ አህያ ከኋላ፣ «ቤተ መጻሕፍቱ ይጠየቅ» አለች።

ሁሉም ተያይዘው ሄዱ። የመጻሕፍቱ ጠባቂ እማማ ኤሊ መቶ ዓመት ሙሉ የመንደሩን ታሪክ ሲጽፉ የኖሩ ናቸው። አንድ ወፍራም መጽሐፍ አውርደው ገለጡና አነበቡ፤ «በአንበጣው ዓመት የጅቦ አያት አራት በር ያለውን ዋሻ ይዞ ተቀመጠ። በዚያው ዓመት የቀበሮ አያት ከወንዙ ማዶ ከሾላው ሥር ጉድጓድ ማሰች።»

ቀበሮ አንገቷን ደፋች። «ስምንት ሸክሜስ?» አለች።

«ከልብ እናመሰግናለን» አለ አንበሳ።

ጅቦ በደስታ ሊዘል ሲል የገጹ ጠርዝ ላይ ቡናማ እድፍ አየ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ፍሳሽ ነው ልጄ» አሉ እማማ ኤሊ። «ክዳኑ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ የአያትህ ስም በውሃ ታጥቦ ይሄድ ነበር። ያን ጥግ የከደነው የአህያ ሰንበሌጥ ነው።»

ጅቦ ወደ አህያ ዞረ። ሰንበሌጥ ለእሷ ምሳም ራትም መሆኑን ያውቃል።

«ከአፍሽ ቀንሰሽ ነው?»

«እኔም እንዳንተ አላነብም» አለች አህያ። «ግን የእኔም ጎጆ የተጻፈው እዚሁ ነው።»

ያን ዕለት ጅቦ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አህያ እያየ ሆዱን ረሳ። ከዚያም ሦስት ቀን ሰንበሌጥ ሲያጭድ ሰነበተ። ስምንቱን ሸክም በገዛ ጀርባው ለቤተ መጻሕፍቱ አስረክቦ፣ ዘጠነኛውን አህያ ደጅ አወረደ።

«እግዜር ይስጥልኝ እቴ! ነይ እስኪ ልሳምሽ!»

«አሜን፣ አብሮ ይስጠን» አለች አህያ ሦስት ዝላይ ወደ ኋላ ብላ። «ምስጋናህ ከዚያው ሆኖም ይሰማኛል።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለጋራው ቤተ መጻሕፍት ጣራ ስናወጣ የከበደን ግብር ሳናስበው የራሳችንንም ጣራ እንደሚያቆምልን ነው።