ግለጪው

ከሽንብሪት ገበያ ወደ ጎሽ ውሃ የሚወጣው የጠጠር መንገድ ጫፍ ላይ ንፋስ ቆሞ የማያውቅበት አንድ ዳገት አለ፤ ስሙ ግለጪው ይባላል። ሰሌዳ የለውም፣ ፌርማታም አይደለም፤ ከመንገዱ ዳር አንዲት የጎበጠች ወይራና ከሥሯ የድንጋይ ቁልል ነው ያለው። ይሁን እንጂ ሚኒባሱ ሕፃን ያዘለች ሴት ከጫነ፣ ሾፌሩ ተራው እንዳያልፈው የቱንም ያህል ቢከንፍ፣ እዚያ ሲደርስ ፍሬን ይይዛል። ረዳቱም «ግለጪው ደርሰናል!» ይላል፤ እናትየው የልጇን ፊት ትገልጣለች። እስከዚያ ድረስ «እንዲህ እዘይው፣ እንዲያ አጥቢው» ሲሉ የመጡ አሮጊቶች፣ ወሬ ማቆም የማያውቁት ጭምር፣ እዚያች ቦታ ላይ ጸጥ ይላሉ። ትራፊክ ያላስከበረውን ነገር ይህ ዳገት እንዴት አስከበረ የሚል ሰው ካለ፣ የአገሩ ሽማግሌዎች የሚሉት እንዲህ ነው።

በዚያ ጊዜ መኪና ቀርቶ የተጫነች በቅሎም ዳገቱን የምትወጣው እየተለመነች ነበር አሉ። በጎሽ ውሃ የሻረግ የምትባል፣ ስድስት ወልዳ ስድስቱንም ለወግ ያበቃች ሴት ነበረች። በአካባቢው አራስ ባለበት ቤት ሁሉ ከሐኪምም ከጠንቋይም በፊት «የሻረግ ምን አለች?» ይባል ነበር። የበኩር ልጇ የደምሰው ሚስት እንጉዳይ፣ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል በሚለው ወግ መሠረት ሽንብሪት ከእናቷ ዘንድ ወለደች፤ ሕፃኑ ክርስትና ከተነሳ በኋላም የሻረግ ከልጇ ጋር ሆና አራሷን ልታመጣ ወረደች።

ሲሸኙ የእንጉዳይ እናት ደጃፍ ላይ ቆማ «እትዬ የሻረግ፣ ልጄ ገና ናት፤ አደራዎን» አለች።

«የምን አደራ? ከእኔ ጋር ከሄደች እንኳን ልጅሽ፣ በቅሎዋም እናትነት ተምራ ትገባለች!» አለች የሻረግ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እንጉዳይም ሳቀች።

እንደሚነገረው በዚያ አገር ከእናት ቤት የሚመለስ በኩር የአባቱን ደጃፍ እስኪረግጥ ፊቱ አይገለጥም ነበር፤ ንፋስ እንዳይመታው፣ የመንገደኛ ዓይንም እንዳያርፍበት። እንጉዳይ ልጇን በአንቀልባ አዘለች፣ አማቷ ከላይ ጋቢ ደረበችበት። ደምሰው በቅሎዋን እየሳበ ከፊት፣ እንጉዳይ ከመሃል፣ የሻረግ ከኋላ ሆነው ዳገቱን ያዙ። እንግዲህ ያዘለች ሴት ጀርባዋን አታይም፤ የሚያይላት ከኋላዋ የሚሄደው ነው።

ንፋሱ ሲበረታ ልጁ አለቀሰ። «እትዬ፣ ላውርደውና ላጥባው?» አለች እንጉዳይ። የሻረግ «አልቅሶ ይተኛል፤ ሳንባውም ይሰፋለታል» ብላ ጋቢውን አጥፋ ደረበችበት። ልቅሶው ቀስ በቀስ ቀነሰና ወይራዋ ጋ ሲደርሱ ቆመ። ጥቂት እንደሄዱ እንጉዳይ እርምጃዋን ገታች።

«እትዬ፣ ከበደኝ።»

«የተኛ ልጅ ይከብዳል።»

«እንዲህ አልነበረም የሚከብደኝ። እባክዎ ገለጥ አድርገው ይዩልኝ።»

«አንቺ! ስድስት የወለድኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ? ትናንት ወልደሽ ዛሬ ክብደት ልታስተምሪኝ ነው?»

ደምሰውም ከፊት ሆኖ «እናቴ የምትልሽን ስሚ እንጂ፣ መሸብን» አለ። እንጉዳይ ተራመደች። የሻረግ ደግሞ፣ እውነት ለመናገር፣ አልዋሸችም። ስድስቱም ልጆቿ ሲተኙ ይከብዱ ነበር። ሌላኛውን ክብደት ግን ጀርባዋ ተሸክሞት ስለማያውቅ የነገራት አልነበረም።

ጎሽ ውሃ ሲደርሱ ሴቶች በእልልታ ተቀበሏቸው። ጋቢውን ደጃፉ ላይ የገለጠችው የሻረግ ራሷ ናት፤ እልልታው እዚያው አፋቸው ላይ ቀረ ይባላል። እንጉዳይ ሌሎቹ እሪ ሲሉ አላለቀሰችም። አማቷን አየቻትና «ከበደኝ ብዬዎት ነበር እኮ» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ በአንድ ግቢ እየኖሩ፣ ከአንድ ማድጋ እየጠጡ፣ ቃል አልተነፈሰቻትም።

የሻረግ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ዳገቱን ትወጣ ጀመር። ልጅቷ ከበደኝ ባለችበት ቦታ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጠች፤ ራሷ ደግሞ ወይራዋ ሥር ትቀመጥና ሕፃን ያዘለች ሴት ባየች ቁጥር ብድግ ብላ «ግለጪው!» ትላለች። ሴትየዋ እምቢ ካለች ነጠላዋን እየጎተተች ትከተላታለች። «ግለጪው ልጄ፣ አንዴ ልየውና ሂጂ!» ልጁ ዓይኑን ሲያንቀሳቅስ ካየች አንድ ድንጋይ ወይራዋ ሥር ትጥላለች። እናቶቹ ልጃችንን በንፋስ አስመታች ብለው ረገሟት። አንድ ነጋዴም ጋቢውን ተከናንቦ ሲያልፍ «እኔንስ አትገልጭኝም?» ብሎ ቀለደባት፤ እሷ ግን ቀልድ የሚገባበት ጆሮ አልነበራትም። ቦታውም በዚያው ግለጪው ተባለ።

እንጉዳይ ዓመታት ቆይታ ዳግመኛ ወለደች፤ አሁንም ከእናቷ ዘንድ። ሊያመጣት የወረደው ደምሰው ብቻውን ነበር። ዳገቱ ጫፍ ሲደርሱ፣ ዓይኗ የደከመው የሻረግ ሕፃን ያዘለች ሴት አየችና እንደ ልማዷ ብድግ አለች፤ ወዲያው የልጇን የደምሰውን ሳል ለየችው። በማንም ሴት ላይ የምትጮኸው የሻረግ በዚህች ላይ አፍ አልነበራትምና ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ተመልሳ ተቀመጠች።

እንጉዳይ አላለፈችም። አንቀልባውን ፈታ ልጁን እንደተሸፈነ አሮጊቷ ጉልበት ላይ አኖረችው።

«ከበደኝ፣ እትዬ» አለች።

«አልችልም ልጄ» አለች የሻረግ።

«እኔም አልችልም። ከዳገቱ ሥር ጀምሮ ልገልጠው እያልኩ ፈርቼ ነው የመጣሁት።»

አሮጊቷ ገለጠችው። ንፋሱ ፊቱን ሲነካው ሕፃኑ ግንባሩን ቋጠረ፣ አፉን ከፈተና ዳገቱን በልቅሶ ሞላው። እንጉዳይ ልታለብሰው እጇን ስትሰድ የሻረግ ያዘቻት።

«ተይው፣ ያልቅስ» አለች። «ያልቅስ።»

ያን ጊዜ እንጉዳይ፣ የበኩር ልጇ በሞተ ቀን ያላለቀሰችውን፣ ከልጁ እኩል አለቀሰች። ታረቁ የሚል አለ፣ እንዲህ ያለው ነገር እርቅ የለውም የሚልም አለ። አሮጊቷ ግን በዚያው ክረምት እንደሞተች ሁሉም ይስማማሉ።

ዛሬም ሚኒባሱ ሲቆም፣ ልጁ ንፋስ ነክቶት ካለቀሰ ተሳፋሪው በአንድ አፍ «ያልቅስ!» ይላል፤ አንዷ አሮጊት ወርዳ ቁልሉ ላይ ድንጋይ ትጨምራለች። ልጁ ተኝቶ ከሆነ ሾፌሩ ሞተር ያጠፋል፤ ሰዓት የሚቆጥር የለም፤ ነቅቶ እስኪያለቅስ ይጠበቃል። ከወይራዋ ትንሽ እልፍ ብላ ለበኩሩ የተቀመጠችውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ግን የሚነካ የለም። እንግዳ ሰው ሳያውቅ ሌላ ድንጋይ ሊጭንባት ሲል፣ አሮጊቶቹ እጁን ይይዙና ይመልሱታል፤ «ተው ልጄ፣ እሱ የተደረበበት ይበቃዋል» ይላሉ።