ራቅ የምትባለው ደሴት

በጣና ምዕራባዊ ዳር፣ የደንገል ታንኳ ቀዛፊዎች ከሚኖሩባት ከደንገል ማዶ መንደር ፊት ለፊት፣ ራቅ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ዓመቱን ሙሉ ደሴት ናት ለማለት ግን አይቻልም፤ ክረምቱ ሐይቁን ሲሞላው ዙሪያዋን ውሃ ይከባታል፤ ግንቦት ላይ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ከየብስ ጋር የሚያገናኛት ቀጭን የጭቃ አንገት ብቅ ይላል። ከሐይቁ በኩል ባለው ጫፏ፣ ጠፍጣፋ ጥቁር አለት ላይ፣ የድንጋይ ክምር ይታያል። አስቦ የካበው ሰው የለም። የደንገል ማዶ ቀዛፊ ሁሉ ለአሳ በወጣ ቁጥር፣ ከመንደሩ ይዞ ከመጣቸው ድንጋዮች አንዱን ወደ አለቱ ወርውሮ «ራቅ!» ይላል። ለአገሩ ባዳ የሆነ ሰው ይህን ሲያይ በደሴቲቱ ላይ አንድ የተጠላ ነገር ያለ ይመስለዋል። ሽማግሌዎቹ የሚናገሩት ግን የዚህን ተቃራኒ ነው።

እንደሚነገረው፣ ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ተኩላ በግንቦት በጭቃው አንገት ተሻግሮ ወደ ደሴቲቱ ገባ። ምን እንዳመጣው በእርግጥ አይታወቅም፤ አንዳንዶች ከመንጋው ተባሮ ነው ይላሉ፤ ሌሎች አይጥ ሲያሳድድ ሳያስበው ነው የገባው ይላሉ፤ አንዱን ከሌላው የሚያስበልጥ ማስረጃ አላገኘሁም። ክረምት ገብቶ አንገቱ በውሃ ሲሸፈን ተኩላው እዚያው ቀረ፤ በሚቀጥለው ዓመት መንገዱ ሲከፈትለትም አልሄደም። የወፍ እንቁላልና ማዕበል የተፋውን አሳ እየበላ ብቻውን ኖረ። አመሻሽ ላይ አለቱ ላይ ቆሞ ሲጮህ የደንገል ማዶ ሰዎች መጀመሪያ ፈሩት፤ ኋላ ግን ከየትም አቅጣጫ የሚመልስለት እንደሌለ ሲያስተውሉ ሆዳቸው ባባ። «መናኙ» ብለውም ስም አወጡለት።

ቀዛፊዎቹ በዚያ ዘመን አንድ ሕግ ነበራቸው ይባላል። የዕለቱን የመጀመሪያ አሳ የያዘው ሰው አይበላውም፤ ዳር ቆሞ ለሚያገኘው እንግዳ ይሰጠዋል። የቀዛፊው የቢያድግልኝ ሚስት ትርንጎ አንድ ቀን ደንገል ልታጭድ ከባሏ ጋር ወደ ደሴቲቱ ስትቀርብ ተኩላውን አለቱ ላይ ቆሞ አየችው።

«እንግዳ ማለት ዳር ቆሞ የሚጠብቅ ነው፤ እግሩ ሁለት ይሁን አራት ሕጉ አይልም» ብላ የዕለቱን የመጀመሪያ አሳ፣ አንድ ቆሮሶ፣ ወረወረችለት።

ቢያድግልኝ ሳቀ። «እንግዲያ ጠላም ጥመቂለታ!»

ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሁሉ የመጀመሪያውን አሳ ወደ ደሴቲቱ ይወስድ ጀመር። በመቅዘፊያቸው አለቱን ኳ ኳ ሲያደርጉ ተኩላው ከቁጥቋጦው ይወጣል፤ እያደር ከእጅ መብላት ለመደ፤ ከማንም እጅ አስቀድሞ ግን የሚመርጠው የትርንጎን ነበር።

ነገሩ የከፋው የየብሱ ባላባት ግራዝማች ወንድይራድ በጎቻቸው ሲያልቁባቸው ነው። የጨረሳቸው ጅብ ነው የሚሉ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ጥፋቱን በተኩላው ላይ ጣሉ። አንድ አሽከራቸው በታንኳ ሄዶ እንደ ቀዛፊዎቹ አለቱን አንኳኳ፤ ተኩላው አሳ መስሎት ሲወጣ ጦር ወረወረበት፤ ጦሩ ጆሮውን ሰንጥቆት አለፈ። ግራዝማችም «ግንቦት ይምጣ፤ ቆዳውን ለኮርቻዬ አለብሰዋለሁ» ብለው ማሉ።

በማግስቱ ቢያድግልኝ ወደ ደሴቲቱ ሄደ። እንስሳው ከእንግዲህ አይወጣም ብሎ አስቦ ነበር። ገና ሲያንኳኳ ግን ተኩላው ከነደሙ መጥቶ አሳውን ከእጁ በላ። ቢያድግልኝ ወደ መንደሩ ተመልሶ ታንኳ በሚያስሩበት ዳር ሰዎቹን ሰበሰበ።

«የሚወጋውን እጅ ከእኛ እጅ አይለይም። ከነገ ጀምሮ በድንጋይ እንመታዋለን» አላቸው።

ጎረቤቱ ጎሹ ተነሣ። «አንተ ሰውዬ፣ ፀሐይ መታህ እንዴ? እንግዳ በድንጋይ ይመታል? ነገ ሐይቁ አሳ ቢነሳን ማን ሊጠየቅ ነው?»

«እኔ ልጠየቅ።»

«ለመሆኑ ተኩላው ምን በደለ?»

«ሰው አመነ» አለ ቢያድግልኝ።

የተከተለው አልነበረም፤ ብቻውን ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ድንጋዮች ተኩላው እየተጠጋ አሳ መሆን አለመሆናቸውን ያሸት ነበር ይባላል። ከዚያ በኋላ ነው ቢያድግልኝ እንዲያመው አድርጎ መወርወር የጀመረው። ተኩላው ይሸሻል፤ በማግስቱ ግን ተመልሶ አለቱ ላይ ይቆማል። ነገሩ ግራ ሲያጋባው የሰነበተው ቢያድግልኝ አንድ ቀን አለቱ ላይ ትኩስ የአሳ አጥንት አየ።

«አንቺ ነሽ?» አላት ሚስቱን።

«እኔ ነኝ። አንተ ስትመታው ትውላለህ፣ እኔ አበላዋለሁ። መሞቱ ካልቀረ ጠግቦ ይሙት።»

«እኔ ተርቦም ቢሆን እንዲኖር ነው የምፈልገው። ትርንጎ፣ የኔን ድንጋይ የሚያስረሳው ያንቺ እጅ ነው። አንቺ ካልወረወርሽ የኔ ልፋት ከንቱ ነው።»

ሲነጋ ትርንጎ ከመረቡ የወጣውን የመጀመሪያ አሳ በአንድ እጇ ያዘች፤ በሌላው እጇ ከዳር የለቀመቻቸውን ድንጋዮች ስትመዝን ቆይታ ከአሳው ጋር እኩል የሆነውን መረጠች። አለቱን አንኳኳች። ተኩላው ጅራቱን እየወዘወዘ ወጣ። «ራቅ!» ብላ ጮኻ ትከሻው ላይ መታችው። አንድ ጊዜ ብቻ አለቀሰ፤ ቆሞ አያትና ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። ትርንጎ አሳውን እዚያው ውሃ ውስጥ ለቀቀችው። «ከቻለ ራሱ ይያዘው» አለች፤ ከዚያ ፊቷን አዙራ ባሏን «ቅዘፍ!» አለችው።

ትርንጎ ወረወረች ሲባል መንደሩ በሙሉ ወረወረ። ጎሹም ቢሆን እያጉረመረመ ወረወረ።

ግንቦት ገብቶ የጭቃው አንገት ሲደርቅ ግራዝማች ሰዎቻቸውን አስከትለው ተሻገሩ፤ አለቱንም እንዲያንኳኩ አዘዙ። ቀዛፊዎቹ ከታንኳቸው ሆነው ያያሉ። ከቁጥቋጦው መሐል የተሰነጠቀች ጆሮ ብቅ አለች። ትርንጎ የባሏን ክንድ ጨመደደች። ሰዎቹ ደግመው አንኳኩ። ተኩላው የሰዎቹን እጅ አየ፤ ዞሮ ጠፋ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቁጥቋጦውን በጦር ሲያስሱ ዋሉ፤ ያገኙት እሾህና ጭቃ ነው።

«ግራዝማች፣ እንግዲህ ኮርቻዎ እርቃኑን መግባቱ ነው?» አለ ጎሹ ከታንኳው ላይ፤ ቀዛፊዎቹም ሳቁ።

ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ መጣና አንገቱን ዘጋው። ተኩላው ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አመሻሽ ላይ ሲጮህ ይሰማ ነበር፤ በቅርብ ያየው ሰው ግን የለም። ትርንጎ በእርጅናዋ ዘመን ሐይቁ ዳር ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ ጩኸቱን ስትሰማ «አለ» ብላ ወደ ቤቷ ትገባለች። አንድ ምሽት አልተሰማም፤ በተከታዩም፣ ከዚያ በኋላም። እሷ ግን በታንኳ አሳፍሩኝ እያለች ሄዳ እንደ ልማዷ ድንጋዩን ወረወረች።

«እማማ፣ አሁን ለማን ነው?» ቢሏት፣

«ካለስ?» አለች ይባላል።

ክምሩ ዛሬም ያድጋል። የደንገል ማዶ ቀዛፊ የመጀመሪያውን አሳ ሲይዝ በአንድ እጁ አሳውን፣ በሌላው ድንጋዩን ይዞ ይመዝናል። ድንጋዩ ከአሳው ከቀለለ ታንኳው ወለል ላይ መልሶ ያስቀምጠውና ከበድ ያለውን ይፈልጋል፤ የእንግዳ ድርሻ አይጎድልምና።