የዳልቻ ታንክና የአያ ጅቦ ጥርስ

አንድ ጊዜ፣ በጋው ጠንክሮ የቆላውን ኩሬ ወደ መሃል ሲያሸሸው፣ ዙሪያው እግር የሚውጥ ማጥ ሆነ። ከባድ እንስሳ ሁሉ ውሃውን በዓይኑ እያየ ተጠማ። ቀላሏ ቀበሮ ብቻ ዘለል ዘለል እያለች ትሻገርና በቅል ታመጣለች፤ ለአንድ ጉንጭ ግን ሥጋ ወይ እንቁላል ትቀበላለች። አህያዋ ዳልቻ ታዲያ ከሣር በቀር ምን አላት? አሮጊት እናቷ ማጡ ውስጥ ገብታ እግሯ ከተጎዳ ወዲህ ከግራር ሥር እንደተኛች ናት፤ ምላሷ ደርቋል።

አንድ ቀን ዳልቻ መንገድ ዳር የተጣለ ታንክ አገኘች። እውነተኛ ታንክ እንዳይመስላችሁ! ሰዎች ከሩቅ በሪሞት እየነዱ የሚጫወቱበት፣ ጥጃ የሚያህል ትልቅ መጫወቻ ነው። ሰንሰለቱ ስለተበጣጠሰ ባለቤቶቹ ጥለውት ሄደዋል። አጠገቡ የወደቀውን ሪሞት በከንፈሯ ስትገፋው ግን ሞተሩ ጉርርር አለ። ሁለቱም ጆሮዎቿ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ሰፊ ሰንሰለት ካገኘ ማጡ አይውጠውም» አለች። «እናቴ በዚህ ታንክ ውሃ ትጠጣለች!»

ቀበሮ ይህን ሰማች። ታንኩ ከሠራ እንቁላሉ ሊቋረጥባት ነዋ! ፊቷን ግን አሳምራ መጣች።

«እህቴ ዳልቻ፣ ለሰንሰለት እንደ ጠፍር ያለ ነገር የለም። ቆዳ ነው፣ ይለጠጣል፣ አይበጠስም። አሮጌው በረት ውስጥ ሞልቶልሻል።»

ዳልቻ አመነቻት። ጠፍሩን ጎትታ አመጣች፤ በጥርሷ እየሳበች መንኮራኩሮቹ ላይ አጠበቀችው። ከዚያ ለእናቷ ሣር አድርሳ ስትመለስ፣ ታንኩ ባዶ እግሩን ቆሟል። አጠገቡ አያ ጅቦ ከንፈሩን እየላሰ ተጋድሟል።

«አያ ጅቦ፣ ጠፍሬን ማን በላው?»

«እኔ እንጃ» አለ ጅብ። አንድ ቁራጭ ጠፍር ከጥርሱ መሃል ተንጠልጥሏል። «ምናልባት ነፋስ ይሆናል።»

«ነፋስ ጠፍር ይበላል?»

«ከራበው ምን ያድርግ!»

ዳልቻ እንደገና ሠራች፤ ጅብ እንደገና በላ። ይባስ ብሎ «የዛሬው በደንብ የለፋ ቆዳ ነው፣ ጥርስሽ ይባረክ» ብሎ አመሰገናት። ቀበሮም ከጉብታው ላይ ሆና ሳቀች። «ተይው እህቴ፣ አህያንና ታንክን ምን አገናኛቸው?»

ዳልቻ እልህ ያዛት። ጅብን ልትረግጥ ኋላዋን አዞረች። ነገር ግን እሱን መርገጥ እናቷን ውሃ አያጠጣም። ጥበቃ ብትቆምም ሣሩን ማን ያመጣል? «እንግዲያው እሱ የማይበላውን እሠራለሁ» አለችና ታንኩን ብሎን ሳይቀር ፈታችው።

ቀርከሃ ፈለጠች፤ ፍልጡን በሽቦ እያያያዘች አዲስ ሰንሰለት ሠራች። ሽቦው ከንፈሯን አደማው። የመጀመሪያው ጠበበና የታንኩ አፍንጫ ማጡ ውስጥ ተቀበረ። ጎትታ አወጣችው፣ ፈታችው፣ አስፍታ ሠራችው። አፍንጫውን ያከበደበትን መድፍም ነቀለችው።

«መድፍ የሌለው ምኑን ታንክ ሆነ!» አለች ቀበሮ።

«እናቴ መድፍ አትጠጣም» አለች ዳልቻ። በመድፉ ቦታ ጀሪካን አስቀመጠች። ሽቦ ስላለቀባት ግን ጀሪካኑን በቀረችው አንዲት ጠፍር አሰረችው።

ሪሞቱን ስትገፋው ታንኩ ማጡ ላይ ወጣ። ተንገዳገደ፣ ቆመ፣ ደግሞ ጉርርር ብሎ ሄደ። ኩሬው ጋ ደርሶ አፍንጫውን ደፋ፤ ጀሪካኑ ሞላ። ሲመለስ ግን ጠፍሯ አያ ጅቦን ሸተተችው። ከዳር ዘሎ ገባና እስከ አንገቱ ሰመጠ። ታንኩ በአጠገቡ አልፎ ሄደ።

እናትየዋ ጀሪካኑ ላይ አፏን ተከለች። ዳልቻ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች።

«ጭቃ ጭቃ ይላል፣ ልጄ» አለች እናቷ። «እንዳትወስጂብኝ ግን፣ አልጨረስኩም።» ዳልቻ ከደስታዋ ብዛት አናፋች።

«ዳልቻ! ኧረ በናትሽ!» ሲል ጅብ ከማጡ ውስጥ ጮኸ።

«ተይው ይስመጥ» አለች ቀበሮ። «ጠፍርሽን የጨረሰው እሱ አይደል?»

«በጠፍር ሥሪው ያልሽኝስ ማን ነበርሽ?» አለች ዳልቻ። ቀበሮ ወደ ሌላ ቦታ ማየት ጀመረች።

ዳልቻ ጠፍሯን ከጀሪካኑ ፈትታ ከታንኩ ኋላ አሰረችና ላከችለት። «አያ ጅቦ፣ በጥርስህ ያዘው። ከዋጥከው እዚያው ትቀራለህ!»

ጅብ ያዘ። ጠፍሩ ጣፈጠው። እንባውም ለሃጩም አብረው ወረዱ፤ በሕይወቱ እንደዚያ የተፈተነበት ቀን የለም። ታንኩ እያጓራ ጎተተው፣ ጎተተው፣ እግሩ ደረቅ መሬት ነካ። ወዲያው ጠፍሩን ዋጠው።

ዳልቻ አየችው። ለጀሪካኑ ማሰሪያ ሽቦ ፍለጋ ሄደች። ከዚያን ቀን ወዲህ የተጠማ ሁሉ ከታንኩ ጠጣ፤ ለቀበሮ ቅል እንቁላል የሚያመጣ ጠፋ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራችንን የሚያፈርስብን ሲነሳ ከአፍራሹ ጋር ስንጣላ ከመዋል ይልቅ፣ ሥራውን ፈትተን እሱ ሊያፈርሰው በማይችለው ነገር መልሰን መሥራት እንደሚሻል ነው።