ሹሙ ያልጠራቸው ሰዎች

አንድ የመንደር ሹም ነበረ፤ ከባሕር ማዶ፣ ስፔኖች በያዙት ተራራማ አገር፣ ከብዙ ዘመን በፊት። ወሬውን የነገረኝ እኔ ዘበኛ በነበርኩበት የድንች ምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረ የዚያ አገር ሰው ነው። አማርኛው ስብርብር ያለ ነበር፤ የእኔም ጆሮ ያኔውኑ ደክሞ ነበር። ስለዚህ አንዳንዱን ነገር አዛንፌ ይዤው ይሆናል። ዋናውን ግን አልስትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ታንጉት፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ መሬት መዝጋቢዎቹ ሲመጡ ቆላ የወረደውን ወንድሜን ላንሳው ወይስ ዝም ልበል? ካነሳሁት የቆላውን ለቀህ ውጣ ይሉት ይሆናል» ብለሻል። እኔ ሕግ አላውቅም። ይህን ግን ስሚኝ።

የሹሙ ሕዝብ እንደ እኛ ደጋና ቆላ ነበረው። ከላይ፣ ውርጭ በሚወርድበት፣ ድንች ይተክላል። ከመካከል በቆሎ፣ ከታች በሞቃቱ ሸለቆ በርበሬ። ሸለቆውን እንዲያርሱ ጥቂት ቤተሰቦች ከደጋው ይላካሉ። የተላከው ሰው እድሜውን ሙሉ ቆላ ቢኖርም የደጋው ሰው ነው፤ ሠርጉም ልቅሶውም ላይ ነው። የድንበር ድንጋይ አልነበራቸውም። በየመከሩ የላዮቹ በውርጭ ያደረቁትን ድንች ላማ በሚባል የጭነት እንስሳ ጭነው ይወርዳሉ፤ በርበሬ ጭነው ይመለሳሉ። ሸለቆው የእነሱ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነበር። የሹሙም አንዲት ሴት ልጅ እዚያ ታች አግብታ ትኖር ነበር።

ስፔኖቹ ሕዝቡ ተበታትኖ መኖሩን አልወደዱትም። ደጋው ላይ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ አደባባይና ቤተ ክርስቲያን ከመካከሉ ያለው ከተማ ቀየሱ። ሹሙ «የእኔ ናቸው» ያላቸው ሁሉ ወደዚያ ይገባሉ፤ የድሮ ቤታቸው ይቃጠላል ተባለ።

ልጅቱ ሕፃኗን አዝላ ወጣች።

«አባባ፣ ነገ ሰዎችህን ለስፔኖቹ በስም ስትጠራ እኛንም ጥራን።»

«ቤትሽን ያቃጥሉታል። ይሄ ሕፃን የደጋን ብርድ አይችልም፣ ሲያስል አትሰሚም?»

«ታዲያ የማን ነን እንበል?»

«የማንም አትበይ። ዝም በይ። በመከር ድንች ጭኜ እወርዳለሁ፤ ያኔ የማን እንደሆንሽ ያየ ሁሉ ያውቃል።»

«እንግዲህ ድንቹ ይመስክርልን!» ብላ ሳቀችና ወረደች።

በማግስቱ ሹሙ በአደባባዩ ቆሞ ሰዎቹን ጠራ። የስፔኖቹ ሹመኛ መስቀል አስይዞ ጠየቀው። «በሸለቆው የአንተ ሰው አለ?»

አስተርጓሚው የዚያው አገር ልጅ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባቴ፣ ደግመህ አስብበት። እነዚህ ሰዎች ባለቤት አልተጠራለትም ያሉትን ባዶ ነው ይላሉ» አለው።

በሹሙ ጆሮ ውስጥ የሕፃኑ ሳል ነበር። «የለም» አለ።

ሸለቆው ባለቤት የሌለው ተባለ። ለአንድ ስፔናዊ ተሰጠ፤ በውስጡ የተገኙትም ሰዎች ለእሱ ሠራተኛ ሆኑ። ለእነሱም ሌላ ከተማ፣ ሌላ አደባባይ፣ ሌላ ታቦት ተሰጣቸው።

በመከር ሹሙ ድንቹን ጭኖ ወረደ። በመግቢያው ዘብ አገኘው።

«ወዴት ነው ሽማግሌው?»

«ልጄ ዘንድ።»

«መስቀል ይዘህ የለኝም ያልከው አንተ አይደለህም? ወይስ በሐሰት ነው የማልከው?»

በሐሰት የማለ በአደባባይ ይገረፋል። ልጅቱ ሕፃኗን አዝላ ከቦዩ ማዶ ቆማ ይህን ትሰማለች። ዘቡ ዞረና፣ «አንቺ፣ አባትሽ ነው?» አላት።

አባቷን አየችው። ጀርባው ጎብጧል፤ ጅራፍ የሚችል ገላ አልነበረም።

«አላውቀውም» አለች።

ሹሙ ድንቹን እዚያው መንገዱ ላይ አራግፎ ባዶ እንስሳቱን እየነዳ ወጣ። ከዚያ በኋላ የወረደ የለም።

የልጅ ልጆቻቸው ተረሳሱ። የላዮቹ የታቾቹን «ትንኝ ቀላቢ» ይሏቸዋል፤ የታቾቹም እነሱን «ውርጭ የመታው» እያሉ ይስቃሉ። በካርታም ሁለት አውራጃ ናቸው። የነገረኝ ሰው እሱ የላይኛው ከተማ ተወላጅ ነው፤ ሚስቱ የታችኛው። ሲያገባት እናቱ «ባዕድ አመጣህብኝ» ብላ አልቅሳለች።

ታንጉት፣ ሹሙ ክፉ አልነበረም። የቀማው ስፔናዊው ነው፤ ይህን አትርሺ። የእኛ መዝጋቢዎችም እንደነሱ ናቸው አልልሽም፤ እኔ ፈሪ ሰው ነኝ፣ አጋንኜ ይሆናል። ግን ወንድምሽ ያቺ ልጅ ነው። አንቺ ጤፍ ልከሽለት እሱ ማሽላ ሲልክልሽ ወንድምና እህት መሆናችሁን ጎረቤት ሁሉ ያያል፤ መዝጋቢው ግን አያይም። እሱ የሚሰማው ከአፍሽ የወጣውን ብቻ ነው። ውጣ ቢሉት አብረሽው ቆመሽ ትከራከሪያለሽ። የለኝም ካልሽ በኋላ ግን በምን አፍሽ? እሱም ላንቺ ብሎ አላውቃትም ቢልስ? ስሙን ጥሪው፣ ልጄ።

ያ ሰው ወደ አገሩ ከተመለሰ ቆየ። የመጨረሻ ወሬውን የሰማሁት ባለፈው ዓመት የጥር ሥላሴ ዕለት ነው፤ የጣቢያው ሹፌር የነበረ ባልንጀራዬ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ነገረኝ። ሴት ልጅ ወልዷል አለኝ። የየትኛው ከተማ ልጅ እንደምትባል ግን ሁለቱ ቤተሰቦች ገና አልተስማሙም፤ ክርስትናዋም በዚሁ ዘግይቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰማሁት ነገር የለም።