ወርዶ ያላየው የውሃ አባት

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ጋሽ እንዳላማው። ትርንጎ አራስ ልጇን እያጠባች ነበር የጠየቀቻቸው፤ ሐሳቧ እንዳይበታተንባት ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት ትቀጥል ወይስ ለልጇ ስትል ትተው?

አንድ ሰው ነበረ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸበት ቀን ሐሙስ ነው፤ የመስኖ ተራው የደረሰበት ቀን።

ከቦዩ የሚጠጣ ማሳ ነበረው፤ ከማሳው በታች ደግሞ አንዲት ትንሽ የሽንኩርት ችግኝ መደብ። መደቧ ሌላ ውሃ የላትም። የላይኛው ማሳ ጠጥቶ የሚለቅላትን ትጠጣለች።

የቦዩን ዳር ፍልፈል ይቦረቡረው ነበር። ሰውየው ውሃውን ወደ አንድ ትልም ሲመራው በሌላ ቀዳዳ ያመልጠዋል። ጎረቤቶቹ «ሰነፍ» ይሉታል። በዚያ መስኖ ግን እንደ እሱ የሚሮጥ አልነበረም። በኋላ አንድ አዋቂ መራራ ቅጠል አሳየው። ቀጥቅጦ ቀዳዳው ውስጥ ቢጠቀጥቀው ፍልፈሉ ሸሸ፤ ውሃውም ወደመራው ትልም ሄደ። ሰውየው ተቀምጦ ምሳውን መብላት ቻለ።

ከዚያ ወሬ መጣ። «መራራው ከውሃው ጋር ወርዶ ችግኙን ያቃጥላል» አሉ። ሰውየው ደነገጠ። ተራ ወደሚያከፋፍሉት ሽማግሌ፣ ወደ ውሃ አባቱ ሄደ።

«አባቴ፣ ወደ ታች የሚወርደው ምን ያህል ነው? ችግኜን ይጎዳዋል?»

«ለጥንቃቄ ተወው።»

«ወርደው ቢያዩልኝስ?»

«ጉልበቴን ያመኛል። ደግሞ ‹ተው› ብሎ የተከሰሰ ዳኛ አይተህ ታውቃለህ?»

ተወው። ፍልፈሉ ተመለሰ። በዚያ ሐሙስ ውሃው ሲለቀቅ የቦዩ ዳር ከሥር ተናደ፤ ጎርፉ ማሳውን ቦርቡሮ መደቧን ከነችግኟ ጠረጋት። የውሃ አባቱ ያን ጊዜ ጉልበታቸው ሳያማቸው ወረዱ። «ቦይህን ለምን አልጠበቅህም?» አሉት። ሰውየው ከጭቃው አንድ ችግኝ አንስቶ አሳያቸው። መራራው ሲወርድበት የከረመው ቅጠሉ ለምለም ነበር። ቢያቃጥለው ኖሮም የሚታወቀው ቀድሞ ወርዶ በማየት ነበር።

ጋሽ እንዳላማው ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ማሳው አንቺ ነሽ፤ መደቧ ይቺ የታቀፍሻት። አንቺ ስትናጂ እሷ አትተርፍም። ቀጥዪም ተይም አልልሽም፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ያስተማርኩት ስለ አፈር እንጂ ሕክምና አይደለም። መድኃኒት ሁሉ አንድ አይደለም፤ ወደ ወተት በጥቂቱ ብቻ የሚያልፍ አለ፣ ለምታጠባ የማይመከርም አለ። በራስሽ አታቋርጪ። ልጅቷን ይዘሽ ወዳዘዘልሽ ሐኪም ሂጂ። ምን ያህል ያልፋል በዪው። ክብደቷን ይመዝን፣ እንቅልፏንና አጠባቧን ይጠይቅሽ። ሳያያት ‹ለጥንቃቄ ተይው› ካለሽ ከወንበሩ አትነሺ።»

«ጋሼ፣ ያ ሰውዬ እርስዎ ነዎት?»

«ሚስቴ ናት። የሷ መድኃኒት ለሚጥል በሽታ ነበር፤ ልጃችንም ጡት ላይ ነበር። ሐኪሞቹ ልጁን ሳያዩ ‹ተይው› አሏት፣ ተወችው፤ እሱን ታቅፋ ሳለች ጣላት። ሁለቱንም ቀበርኩ። የጠየቀችው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ እዚያ የምርመራ ክፍል እንደቆመ ነው። እሷን የነፈጓትን መልስ ላንቺ ይስጡ። አንድ ሰው ወርዶ ይይ፤ አይቶም ይመልስ።»