በዱላ የሚጠበቅ በር

በአንድ ወቅት፣ በአውራ ጎዳና ዳር በምትገኝ ትንሽ ከተማ፣ ያልተጻፈ ደንብ ያለው ፖሊስ ጣቢያ ነበር። «ጭንቅላቴ ደከመ» ያለ ፖሊስ መሣሪያውን አስረክቦ፣ ዱላ ይዞ በር ይጠብቃል። ዱላውን ያየ መንገደኛ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። ስለዚህ በዚያ ጣቢያ ጭንቅላቱ የሚደክም ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም አይናገርም።

ኮንስታብል ይርዳው ከተገለበጠ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሕፃን አወጣ። ሕፃኑ ሞቷል። ይርዳው ግን ታቅፎት እስከ ጤና ጣቢያ ሮጠ። በማግስቱ አለቃው ኢንስፔክተር አለኸኝ ሥራ ላይ አሰማሩት። «ፖሊስ አይደለህ እንዴ?» አሉት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ራቀው። ሚስቱ አስካለ እርጉዝ ነበረች፤ ሆዷን መንካት ፈራ።

ይህን ለሥራ ባልደረባው ለሙላት ብቻ ነገረው። «ለማንም እንዳትናገር።» ሙላት በእናቱ ማለ፤ መሐላውንም ጠበቀ።

አንድ ቀን ይርዳው የመሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊዋን ሳጅን መንበረን «ያስቀየምኩዎት ነገር ካለ ይቅር ይበሉኝ» አላት። መንበረ ቤቷ ገብታ አሰበች። የጾም መያዣ አይደለም። ታዲያ ምን ይቅርታ ነው? በነጋታው መሣሪያ ሊወስድ ሲመጣ ግምጃ ቤቱን ቆለፈችው።

«ዛሬ መሣሪያ የለህም።»

«ሳጅን፣ ሰው እያየ?»

«ይየን!»

ዱላም ሰጠችው። ያን ቀን መሣሪያ ቢያገኝ ኖሮ ወደ ቤቱ ይመለስ እንዳልነበረ በኋላ ራሱ ተናግሯል።

በሩ ላይ ግን ሌላ ሞት ጠበቀው። አንድ የባጃጅ ሹፌር «ሻምበል፣ ዱላው ጥይት ይጎርሳል?» ብሎ አለፈ። ሰው ሳቀ። ይርዳው በአስፋልቱ የሚበሩትን የጭነት መኪኖች ማየት ጀመረ። ሙላት የይርዳው ዓይኖች ወዴት እንደሚሄዱ አስተዋለ። ሙላት ራሱ ለሳጅንነት ኮርስ ሊላክ ታጭቶ ነበር። ያም ሆኖ ገብቶ ጠመንጃውን አስረከበ፤ ዱላ ይዞም አጠገቡ ቆመ።

«አንተን ደግሞ ምን ነካህ?» አሉት ኢንስፔክተሩ።

«እኔንም አሞኛል።»

«ምንህን?»

«እሱ ያመመውን።»

ኮርሱ ቀረበት። የባጃጁም ሹፌር ሲመለስ «እንዴ! ሁለት ሆናችሁ? ሠርግ አለ?» አለ። ይርዳው ከሚኒባሱ አደጋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። እንቅልፉ ግን አልተመለሰም።

ኢንስፔክተር አለኸኝ ሁለቱን ዱላዎች በመስኮት ሲያዩ ዋሉ። ከዚያ ይርዳውን በጣቢያው መኪና ይዘው ሆስፒታል፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ወሰዱት። በየሳምንቱም አመላለሱት። የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ ኮሪደር ላይ ሲቀመጡ፣ አንድ የሚያውቃቸው ሰው «እስረኛ ይዘው ነው?» ቢላቸው «የለም፣ ተራዬን እየጠበቅሁ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ተራቸው ሲደርስ ገቡ። የበሩንም ደንብ ሻሩት፦ ለሕክምና የሚሄድ ፖሊስ ምስጢሩ ተጠብቆለት ቢሮ ይሠራል። ከወራት በኋላ ይርዳው እንቅልፍ ተኛ።

አስካለም ሴት ልጅ ወለደች። የገንፎው ዕለት መንበረ፣ ሙላትና ኢንስፔክተሩ ሦስቱም ሲመጡ «ስሟን አባቷን ያተረፈልን ያውጣላት» አለች።

«እኔ ባልቆልፍ የመጣነው ለገንፎ ሳይሆን ለለቅሶ ነበር» አለች መንበረ።

ሙላት ሳቅ አለ። «ቆልፈው አደባባይ ያወጡትስ እርስዎ አይደሉ? ከአስፋልቱ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

«ምስጢሩን ይዘህ እስከዚያ ዝም ያልከውስ?» አለችው መንበረ።

«እንቅልፉን የመለሰለት ሕክምናው ነው» አሉ ኢንስፔክተሩ።

«በአደጋው ማግስት ሥራ ላይ ያሰማሩትስ ማን ሆነና!» አሉ ሁለቱ ባንድ አፍ።

ሦስቱም ወደ ይርዳው ዞሩ። ይርዳው ልጁን ታቅፏል።

«ቀስ በሉ፣ ተኝታለች» አለ።

ልጅቷ እስከ ዛሬ «ሚጣዬ» እየተባለች ትጠራለች። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ በሰው ፊት አሳፍራ የሞትን በር የቆለፈችበት፣ ዝም ብሎ ከርሞ በኋላ እድገቱን ጥሎ አብሮት የቆመው፣ ወይስ አስቀድሞ ጎድቶት ኋላ ወደ መዳን የመራው፣ ስሟን ማን ያውጣላት?