ለባለእግሯ ዓሣ ማን ያልቅስ?

አንድ ጊዜ፣ ጅብም ቀበሮም በምድር ላይ ገና ሳይኖሩ፣ በአንድ ጭቃማ ሐይቅ ውስጥ እግር ማብቀል የጀመረች ዓሣ ነበረች። ክንፎቿ ወፍረው አጥንት ስላወጡ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ትቆምባቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ መልኳ የሚያምር አልነበረም።

ዓሣዎቹ እድር ነበራቸው። አንዳቸው ሲሞት ሁሉም ተሰብስበው ያለቅሱለታል። ባለእግሯም የእድሩ ዳኛ አምባዛ ዘንድ ቀረበች።

«አባባ፣ እኔንም አስገቡኝ። ስሞት የሚያለቅስልኝ እፈልጋለሁ።»

አምባዛ ጢሙን እያወዛወዘ እግሯን አየ። «ልጄ፣ ዓሣ ይዋኛል እንጂ ይቆማል እንዴ? ሂጂ፣ የብስ ላይ ወገኖችሽን ፈልጊ።»

እየተንፏቀቀች ወጣች። የብስ ላይ ያገኘችው ጊንጥን ብቻ ነበር።

«ማን ልበል?» አላት።

«ወገናችሁ ነኝ መሰለኝ።»

«ከነቅርፊትሽ? እኛ ዘንድ ውሃ የሚንጠባጠብ ዘመድ የለም!» ብሎ ጭራውን አነሳባት።

ከዚያ ወዲያ ውሃው ዳር ብቻዋን ኖረች። በጣም ከፋት። ልጆች አፈራች፤ እነሱም እግራቸው ሲጠና ወደ ደረቁ ምድር ሄዱ፤ ዞረውም አላዩአት። አንድ ቀን እዚያው ጭቃ ላይ ሞተች። ማንም አላለቀሰም። ጭቃው ቀበራት፤ አጥንቷም ድንጋይ ሆነ።

ዘመን ዘመንን ተካ፤ ሐይቁም ደረቀ። አያ ጅቦ ከመሬት ብቅ ያለ አጥንት አየና ምንም ሳይመረምር ነከሰው። ጥርሱ ተሰበረ። «እሪ!» አለ።

እመት ቀበሮ ከፊት ለፊቱ ሆና ሳቀች። «ሆዳም! ድንጋይ ይበላል?» ትርፍራፊ ካለ ልትሞጨልፍ ጠጋ አለች። ያኔ ድንጋዩ ላይ እግርና ቅርፊት አየችና ሳቋ ቆመ።

«አያ ጅቦ፣ እስቲ እግርህን አምጣ።»

«ልትበይው ነው?»

«አምጣ ብዬሃለሁ!»

የእሱንም የራሷንም እግር ከድንጋዩ ጎን አስተያየች። ከላይ አንድ አጥንት፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ጫፉ ላይ ደቃቅ አጥንቶች። ሦስቱም እግሮች አንድ ዓይነት ነበሩ።

«ቅርፊት አላት እንጂ እግሯስ የእኛው ነው። ጅቦ፣ አያታችን ናት።»

«አያቴን ነው የነከስኩት?» ብሎ ጅቦ ተንሰቀሰቀ። ቀበሮም ተንኮሏ ሁሉ ጠፍቶባት አብራው አለቀሰች። ያቺ ምስኪን የለመነችው ለቅሶ ይኸው ነበር፤ ግን አልሰማችውም።

ከዚህ የምንማረው፣ «ከእኛ አይደለህም» ብለን የምንገፋው ሰው የነገዎቹ ሁሉ አያት ሊሆን ስለሚችል፣ ሞቶ ከምናለቅስለት በቁሙ ወገን ልንሆነው እንደሚገባ ነው።